ስለ ባይስፔክትረም የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፒያሳ የድምፅ ዕቃ የሚጠግን ጓደኛ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ሁለት ስልክ በሚክሰር ከአንድ አሮጌ ሞንታርቦ ጋር አገናኘን። አንዱ 400፣ ሌላው 700 ሄርዝ ያሰማል። ድምፁን ለቀቅ ስናደርገው 300 እና 1100 ሄርዝም ብቅ አሉ። ማንም አልከፈታቸውም። የሁለቱ ልዩነትና ድምር ናቸው፤ የፈጠራቸው ሞንታርቦው ራሱ ነው። እንዲህ ያለውን መወለድ የሚለየው ስሌት ባይስፔክትረም ይባላል፤ ስለ እሱ የሚነገሩ ስህተቶችን አንድ በአንድ እንይ።

«ይህን ተራው ስፔክትረም ይነግረናል።» አይነግረንም። በሦስተኛ ስልክ 1100 ሄርዝ ብንከፍትም እዚያው ቦታ ላይ ያው መስመር ይወጣል። ተራው ስፔክትረም (ፓወር ስፔክትረም) በየሄርዙ ያለውን ጉልበት ይይዝና ፌዙን ይጥላል፤ ማለትም ሞገዱ ዑደቱ ውስጥ የት እንደደረሰ አይነግርም። ባይስፔክትረም ግን ሦስቱን አንድ ላይ ያያል። የ400ው እና የ700ው ፌዝ ተደምሮ ከ1100ው ፌዝ ጋር ያለው ልዩነት ሁሌ ያው ነው ወይ? 1100ው ከሞንታርቦው የተወለደ ከሆነ፣ አዎ።

«አንድ ቅጂ ይበቃል።» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባይኮሄረንስ ቅጂው ተቆራርጦ፣ ያ የፌዝ ልዩነት ከቁራጭ ቁራጭ ምን ያህል ያው እንደሆነ ከ0 እስከ 1 የሚለካ ነው። ቅጂውን ሳትቆራርጡ ብታሰሉት ሁልጊዜ 1 ይሰጣችኋል፤ ተራ ጫጫታ ቢሆን እንኳ። የሚነጻጸርበት ሌላ ቁራጭ የለማ! 100 ቁራጭ ካላችሁ፣ የባይኮሄረንሱ ካሬ ከ0.03 ገደማ ሲያልፍ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ይሆናል።

የቁራጭ ብዛትም ብቻውን አያድንም። ሞንታርቦው ራሱ 1100 እንዳይወልድ ድምፁን ቀንሰን፣ 400፣ 700 እና 1100 የሚያሰሙ ሦስት ስልኮችን ሳናቋርጥ ስንቀዳ ተሸውደን ነበር። የስልክ ሰዓት የተረጋጋ ስለሆነ ፌዛቸው ለረጅም ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ዝምድና የሌላቸው ዘመዳሞች መሰሉ። ከዚያ በየቅጂው ስልኮቹን እያጠፋን ከፈትን። ባይኮሄረንሱ ወዲያው ወረደ። ሞንታርቦው በወለደው 1100 ላይ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ባይኮሄረንሱ ከፍ ካለ ሁለት ምንጮች ተገናኝተዋል።» ላይሆን ይችላል። አራት ኪሎ መንገድ ዳር ካለ ትራንስፎርመር አጠገብ ቆም ብላችሁ ስሙ። መብራታችን 50 ሄርዝ ስለሆነ የሚያጉረመርመው በ100 ነው፤ 200 እና 300ም ይከተላሉ። 100፣ 200 እና 300 የተቆራኙ ናቸው፤ ምንጩ ግን አንድ ነው። የሞገዱ ቅርፅ ስለተጣመመ ነው።

«አዲስ ፋሽን ነው» የሚሉም አሉ። ሃሰልማን፣ መንክ እና ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች የውቅያኖስ ሞገድን በዚህ ዘዴ የመረመሩት በ1963 እ.ኤ.አ. ነው።

«ባይኮሄረንሱ ዜሮ ከሆነ ቁርኝት የለም።» ባይስፔክትረም የሚያየው ሁለቱ ተደምረው ሦስተኛ ሲወልዱ ነው። ሞገዱን ከላይም ከታችም እኩል የሚቆርጥ አምፕሊፋየር ግን ድምሩን አይወልድም። የ700ን እጥፍ ወስዶ 400 ይቀንስና 1000 ሄርዝ ያወጣል። ለዚህ አራት ሞገድ አንድ ላይ የሚያየው ትራይስፔክትረም ያስፈልጋል። ጓደኛዬ ጋ እንዲህ ያለ አምፕሊፋየር አለ። 1000ው ስፔክትረሙ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ባይስፔክትረሙ ላይ ምንም የለም።