ክብደት ሲቀንስ አብሮ የሚሄደው ጡንቻ

ሰው "ቀነስኩ" ሲል ብዙ ጊዜ ስብ ቀነስኩ ማለቱ ነው። ሚዛን ግን ስብና ጡንቻ አይለይም። የምንበላው ሲያንስ ሰውነት የጎደለውን ጉልበት በዋናነት ከስብ ያወጣል፤ ከጡንቻም ይቆነጥራል። በተለምዶ የሚነገረው ግምት ከሚቀነሰው ክብደት ሩብ ያህሉ ስብ ያልሆነ ነው የሚል ነው። ይህ በደፈናው የተወሰደ ቁጥር ነው። እንደ ዕድሜው፣ እንደ አመጋገቡና እንደ እንቅስቃሴው ከፍም ዝቅም ይላል።

ስብ ያልሆነው ደግሞ ሁሉም ጡንቻ አይደለም። ውሃና የውስጥ አካላትም እዚያው ይቆጠራሉ። ዳይት በተጀመረ ሳምንት እልም ብሎ የሚጠፋው ኪሎ በአብዛኛው ውሃ ነው። በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ክምችት ሲያልቅ፣ ይዞት የነበረው ውሃ አብሮ ይወጣል።

ጡንቻ በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑም ይገነባል። ምግብ ሲቀንስ ግንባታው ይቀዘቅዛል። ሥራ የማይሰጠው ጡንቻ ደግሞ ቶሎ ይሳሳል።

የዚህን ጉዳይ ጽንፍ ያሳየው በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው የረሃብ ጥናት ነው። አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ሆድ አኖራቸው። ሰዎቹ ጦርነት አንዋጋም ያሉ ነበሩ፤ ወፍራሞችም አልነበሩም። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ብርድ ብርድ አላቸው፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ወደ መደበኛ ምግብ ሲመለሱ ስቡ ቀድሞ ተመለሰ፤ ጡንቻው ወደ ኋላ ቀረ። ቀጭን ሰው "ትንሽ ልቀንስ" ብሎ ራሱን ሲያስርብ ከወፍራሙ ይልቅ ጡንቻው የሚጎዳው እንዲህ ስለሆነ ነው። ብዙ የሚያወጣው ስብ የለውም።

በጂም ወሬ ጡንቻ ከጠፋ ሰውነት ካሎሪ ማቃጠል ያቆማል ይባላል። ተጋንኗል። አንድ ኪሎ ጡንቻ አርፎ ሲቀመጥ በቀን የሚያቃጥለው 13 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። ትልቁ ጉዳት ሌላ ቦታ ነው። ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው። ደረጃ የምንወጣው፣ ስንደናቀፍ ራሳችንን የምንይዘውም በእሱ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ የጡንቻ መሳሳት ሳርኮፔኒያ ይባላል፤ መውደቅንና የአጥንት ስብራትን ያመጣል። ክብደት እየቀነሱ መልሶ መጨመርም ለሽማግሌና ለአሮጊት አይበጅም። ሲመለስ በአብዛኛው ስብ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ጉዳዩ ሰሞኑን እንደገና የተነሳው በክብደት መቀነሻ መርፌዎች ምክንያት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት በ68 ሳምንታት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ከእነሱ መካከል ስብንና ሌላውን አካል ለይቶ በሚለካው ዴክሳ በሚባል የራጅ ምርመራ የታዩት ካጡት ክብደት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ስብ ያልሆነ ነበር። ቲርዜፓታይድ በተባለው ሌላ መርፌ ጥናት ሩብ ገደማ ነው። ይህ ማለት መድኃኒቱ ጡንቻ ይበላል ማለት አይደለም። የምግብ ፍላጎት ሲዘጋ ፕሮቲኑም አብሮ ይቀራል። በጣም ወፍራም ለሆነ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ መቀነሱ ብዙውን ጊዜ ከጉዳቱ ጥቅሙ ይበልጣል።

መከላከያው ጡንቻን ሥራ ማሰጠት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 160 ወፍራም አረጋውያን ተሳትፈዋል። እየቀነሱ በእግር ጉዞና በመሰል እንቅስቃሴ ብቻ የቆዩት ስብ ካልሆነው አካላቸው 5 በመቶ አጡ። ብረት እያነሱ የቀነሱት ያጡት 2 በመቶ ነው። ሁለቱን ያጣመሩት 3 በመቶ አጥተዋል፤ በአካል ብቃት ግን ከሁሉም የበለጠ የተሻሻሉት እነሱ ናቸው። "ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ፣ ይበቃኛል" የሚለው አያስኬድም።

ሁለተኛው ፕሮቲን ነው። ለጤነኛ ሰው ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ በቀን 0.8 ግራም ይበቃል ይባላል። ክብደት ለሚቀንስ ብዙ ባለሙያዎች ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ይመክራሉ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም ይሆናል። እኛ ጋ ጾምን እንደ ዳይት የሚይዘው ሰው ብዙ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም። በቀን አንዴ እንጀራ በጎመን ወይም ፓስታ በስጎ ከሆነ ጡንቻ መሳሳቱ አይቀርም። ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ግን ጉድለቱን በደንብ ይሞላሉ። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ቀጭን ሽሮ ግን ብዙ አይቆጠርም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጡንቻው መሄዱን ለማወቅ ቤት ውስጥ ያለው ዲጂታል ሚዛን የሚሰጠው መቶኛ ብዙም አይታመንም። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ሙከራ አለ። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር 5 ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ። ከ15 ሰከንድ በላይ የወሰደበት አረጋዊ የጡንቻ ጉልበቱ ሳይደክም አልቀረም ተብሎ ወደ ቀጣዩ ምርመራ ይላካል።