የውሃ ተቃውሞ ምንድን ነው?

በጎልማሳነቱ የውድድር ዋና ለመጀመር የሚያስብ ሰው ምክር በጠየቀ ቁጥር «የውሃ ተቃውሞ» መነሳቱ አይቀርም፤ ወዲያውም አንድ መካሪ ብቅ ይልና «ተቃውሞውን ለመስበር ጉልበት ያስፈልግሃል፤ መጀመሪያ ጂም ገብተህ ትከሻህን አዳብር» ይለዋል። ምክሩ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ነገሩን ከጭራው ይዞታል። የውሃ ተቃውሞ ዋናተኛውን ወደኋላ የሚይዝ፣ ግን እሱ ራሱ በሰውነቱ አቀማመጥና በፍጥነቱ በየቅጽበቱ የሚፈጥረው ኃይል ስለሆነ፣ አቀማመጡ ሳይስተካከል የሚጨመር ጉልበት አብዛኛው መልሶ ለተቃውሞው ይገበራል።

ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ገደማ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑን ሁሉም ያነሳል። ተቃውሞው የሚያድግበትን መንገድ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው፦ ተቃውሞው በፍጥነቱ ስኩዌር (ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ)፣ እሱን ለመቋቋም በየሴኮንዱ የሚወጣው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ (እንደገና በፍጥነቱ ተባዝቶ) ልክ ይጨምራል። 50 ሜትርን በ60 ሴኮንድ የሚዋኝ ሰው ወደ 50 ሴኮንድ ለመውረድ ፍጥነቱን በ20 በመቶ ማሳደግ ይኖርበታል፤ አቀማመጡን ሳይለውጥ ይህን ለማድረግ ከፈለገ በየሴኮንዱ የሚያወጣውን ጉልበት ከ70 በመቶ በላይ መጨመር አለበት። አንዲት ጠብታ ጉልበት ሳይጨምር ተቃውሞውን በ10 በመቶ ቢቀንስ ግን 2 ሴኮንድ ያህል ያተርፋል። (የኪዩቡ ስሌት ግምታዊ መሆኑን መጨመር አለብኝ፤ በውሃው ገጽ ላይ የሚፈጠረው የማዕበል ተቃውሞ በከፍተኛ ፍጥነት ከዚህም በላይ ስለሚያድግ፣ እውነተኛው ሒሳብ ጉልበት ለሚያመልከው መካሪ የባሰ እንጂ የተሻለ አይሆንም።)

ረጅም ጣውላ ይዞ በተጨናነቀ ሕዝብ መካከል የሚያልፍን ሰው እናስብ። ጣውላውን በቁመቱ ወደፊት ካቀናው ሰዉ ገለል እያለ ያሳልፈዋል፤ በአግድም ከያዘው ግን በገፋ ቁጥር ይገፋል፣ በሮጠ ቁጥር ብዙ ሰው በአንዴ ይጋፈጠዋል። ፊቱን አስተካክሎ ጭራውን ወደታች ቢያዘነብለውም ጣውላው የሰዉን እግር እየመታ ይቀራል፤ የጀማሪ ዋናተኛ ችግር በትክክል ይኸኛው ነው። ምሳሌው የሚጎድለው በአንድ ነገር ነው፦ ሕዝቡ ከኋላ አይጎትትም፣ ውሃ ግን ይጎትታል። ከወረደ እግር በስተጀርባ ውሃው ተረባብሾ ግፊቱ ስለሚቀንስ ሰውነትን ወደኋላ ይስባል።

እግር የሚወርደው ለምንድን ነው? የሰው የክብደት ማዕከል ወደ ዳሌው ሲጠጋ፣ አየር የያዘው ሳንባ ደግሞ ውሃው ወደላይ የሚገፋበትን ማዕከል ወደ ደረት ያስጠጋዋል፤ ስለዚህ ደረት ሲንሳፈፍ እግር ይሰምጣል። ጀማሪው የገንዳውን ጫፍ ለማየት ቀና ሲል ዳሌው ይበልጥ ይወርዳል፤ መውረዱ ሲሰማው ጉልበቱን አጥፎ ውሃውን ይራገጣል፣ የታጠፈው ጭኑም ለውሃው ሌላ ሰፊ ፊት ይሆንለታል። ትንፋሹ የሚያጥረው በዚህ ጊዜ ነው፤ መካሪው ግን «ኮንዲሽን የለህም» ብሎ ይፈርድበታል። ይህ ሲባል የሁሉም ሰው እግር እኩል አይወርድም፤ ቀጫጭንና ጡንቻማ እግር ያላቸው ይበልጥ ይቸገራሉ።

ቀጥ ባለና በወረደ ሰውነት መካከል ያለውን ልዩነት ለመለየት ሰዓት እንኳ አያስፈልግም። ግድግዳውን ገፍቶ፣ ክንድን ከጆሮ ኋላ ዘርግቶ፣ መዳፍን በመዳፍ ላይ ደርቦ፣ ወደ ገንዳው ወለል እያዩ ሳይቀዝፉ እስኪቆሙ መንሸራተት፤ ከዚያም በዚያው ግፊት ቀና ብሎ መድገም። ሁለተኛው ፈጥኖ ይቆማል። ልምምዱ ለጎልማሳ ተወዳዳሪ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለጎልማሶች በሚዘጋጀው የማስተርስ ውድድር ከመነሻ መድረክ መዝለል ግዴታ ስላልሆነ ግድግዳ ገፍቶ መነሳት ይፈቀዳል።

«ታዲያ ሪከርድ የሚሰብሩት ጡንቻቸው የዳበረው ናቸው» የሚል ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 በሮም የዓለም የዋና ሻምፒዮና የሆነውን ያስታውስ። ከፖሊዩሪቴን (ከፕላስቲክ መሰል ሰው ሠራሽ ቁስ) የተሠሩ የዋና ልብሶች በተለበሱበት በዚያ ውድድር 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ፤ ልብሶቹም እ.ኤ.አ. ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ታገዱ። ልብሱ ለማንም ጡንቻ አልጨመረም፤ ሰውነትን አጥብቆና ከፍ አድርጎ ተቃውሞውን ቀነሰ። ለዚያ ሁሉ ክብረ ወሰን ብቸኛው ምክንያት ልብሱ ነበር አልልም፤ ዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን ለማገድ የበቃው ግን በከንቱ አይደለም።

ጉልበት ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። መዳፍና ክንድ ወደፊት የሚያስኬዱን ራሱን ተቃውሞውን ተደግፈው ነው፤ እጅ ውሃው እንዲቃወመው ይፈልጋል፣ የቀረው አካል ደግሞ እንዳይቃወመው። ጥንካሬ የሚያገለግለው ለዚህ መደገፊያ ሲሆን፣ ተራውም ሰውነት ቀጥ ማለት ከቻለ በኋላ ነው። ተቃውሞ እንዲጨምሩ ተብለው የተሠሩ ቁምጣዎችንና ከወገብ የሚታሰሩ ትናንሽ ፓራሹቶችን ለጀማሪ የሚያዙ ሰዎች የማይገቡኝም ለዚህ ነው፤ ጀማሪው ያለ እነሱም እግሩን እንደ ፓራሹት እየጎተተ ነው የሚዋኘው።