በጋብቻ የገባችው ልዕልት ስትቆይ የተወለደችው ለምን ትወጣለች?

የጃፓኗ ልዕልት ዩሪኮ በ2024 (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) በ101 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ብዙዎች የጠየቁት አንድ ነገር ነው። እሳቸው በጋብቻ ወደ ንጉሣዊው ቤተሰብ ገብተው እስከ ሞት ልዕልት ከሆኑ፣ የቤቱ ልጅ ማኮ በ2021 ስታገባ ለምን ማዕረጓን አጣች?

የ1947ቱ የንጉሣዊ ቤተሰብ ሕግ የሚያየው ባልን ነው። የቤተሰቡን ልዑል ያገባች ትገባለች። ከቤተሰቡ ተወልዳ ተራ ዜጋ ያገባች ትወጣለች። ወንዱ ግን ተራ ዜጋም ቢያገባ ይቆያል።

ዩሪኮ በ1941 የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶን ታናሽ ወንድም ልዑል ሚካሳን አገቡ። ባላቸው በ2016 ሲያርፉም ማዕረጋቸው አልተነካም። ባሏ የሞተባት ከፈለገች መውጣት ትችላለች፤ የግድ የምትወጣው ከተፋታች ነው። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ግን ተራ ዜጎች አግብተው ወጡ። እናት ልዕልት፣ ልጆች ተራ ዜጋ! እኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ሕጉ ግን ግልጽ ነው።

እንደ ሰዉ የሚለያየው ስትወጣ የሚሰጣት ገንዘብ ነው። ማኮ አልቀበልም ብላለች። ሴቶቹ አግብተውም እንዲቆዩ ይፈቀድ የሚለውን ደግሞ ፖለቲከኞች ለዓመታት ሲከራከሩበት ቆይተዋል።