ዩፎ ካቸር፦ የጃፓን የሽልማት ማንሻ ማሽንና የአጨዋወቱ ስልት

ዩፎ ካቸር የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ ያቀረበው፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠን አሻንጉሊት ወይም ሌላ ሽልማት በትንሽ ክሬን ለማውጣት የሚሞከርበት የጨዋታ ማሽን ነው። ተመሳሳይ ማሽኖች በአሜሪካ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ቢታወቁም፣ ጨዋታው ወደ ጥበብነት ያደገው በጃፓን ነው ማለት ይቻላል፤ በቶኪዮ አኪሃባራ ሰፈር የጨዋታ ቤቶች ውስጥ እነዚህ ማሽኖች ሙሉ ወለል ይዘው ይታያሉ።

አንዱ ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ 100 የን ያስከፍላል። ጨዋታው ወደ ቁማር እንዳያዘነብል የሽልማቱ ዋጋ የተገደበ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ 800 የን ገደማ የነበረው ጣሪያ በ2022 ወደ 1,000 የን ገደማ ከፍ ብሏል።

ማሽኖቹ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ክንድ ክሬን ያላቸው ሲሆኑ፣ ክንዶቹ ምን ያህል አጥብቀው እንደሚይዙ የሚወስነው የጨዋታ ቤቱ ነው። በተለይ ከባለ ሦስት ክንድ ማሽኖች ብዙዎቹ፣ የተወሰነ ገንዘብ እስኪገባ ድረስ አላልተው እንዲይዙ ተደርገው ሊስተካከሉ ስለሚችሉ፣ የተጫዋቹ ብልሃት በእነርሱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው። ዕድሉን ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ሳንቲም ከማስገባቱ በፊት ሌሎች ሲጫወቱ ቆሞ ቢመለከት፣ ክንዱ ሽልማቱን በትክክል ከያዘ በኋላ ወደ ላይ ሲወጣ የሚለቅ መሆኑን በነጻ ይረዳል።

በባለ ሁለት ክንዱ ማሽን ግን ስልት ዋጋ አለው። እዚህ ሽልማቱ የሚወጣው ተንጠልጥሎ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ተገፍቶ ነው። በጣም የተለመደው አቀማመጥ በሁለት ትይዩ ዘንጎች ላይ የተጋደመ የካርቶን ሣጥን ሲሆን፣ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከሣጥኑ ርዝመት ያነሰ፣ ከወርዱ ግን የሰፋ ነው። ጀማሪ የሣጥኑን መሐል ለመያዝ ይሞክራል፤ ሣጥኑም ትንሽ ብድግ ብሎ እዚያው ቦታው ላይ ይወድቃል፤ ገንዘብ በከንቱ የሚያልቀውም በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። የሠለጠነ ተጫዋች አንዱን ጫፍ ብቻ አንሥቶ ሣጥኑን ያዞራል፣ ቀጥሎ ተቃራኒውን ጫፍ ያነሣል፤ እንዲህ እያፈራረቀ ሣጥኑ ከዘንጎቹ ጋር ትይዩ ሲሆን በክፍተቱ ሾልኮ ይወርዳል።

በነባሮቹ ማሽኖች አንደኛው ቁልፍ ክሬኑን ወደ ጎን፣ ሁለተኛው ወደ ውስጥ ይወስዳል፤ ጣት ከቁልፉ ከተነሣ ክሬኑን መመለስ አይቻልም። ጥልቀቱ ከፊት ለፊት በትክክል ስለማይታይ፣ ሁለተኛውን ቁልፍ ከመጫን በፊት በጎን መስታወት በኩል ማየት ያስፈልጋል።

ሽልማቱ ክንዱ በማይደርስበት ጥግ ከተቀረቀረ፣ ሠራተኛ ጠርቶ ወደ መነሻ ቦታው እንዲመልሰው መጠየቅ በጃፓን የተለመደ ነው፤ ብዙ ሞክሮ ላልተሳካለት ሰው ሠራተኛው ሽልማቱን ይበልጥ በሚመች ቦታ የሚያስቀምጥበት ጊዜም አለ።