የብርሃንና የጨለማ ምሳሌ ምንድን ነው?

ክፉ ሰውን «ልቡ ጨለማ ነው» እንላለን። ነገር ሲገባን «በራልኝ» እንላለን። ችግር የጠናበት ሰው «ቀኑ ጨለመብኝ» ይላል፤ ያለፈለት ሰው ደግሞ «ቀን ወጣለት» ይባላል። ደሴ ገበያ ጎመን የምትቸረችር እናትም፣ ሐይቅ ዳር ዳዊት የሚደግም መነኩሴም፣ ጀማ ንጉሥ መውሊድ ላይ መንዙማ የሚያወጣ ሼህም በዚህ አነጋገር ይግባባሉ።

የብርሃንና የጨለማ ምሳሌ የሚባለው ይኸው ነው። ደግነትን፣ እውነትን፣ እውቀትንና ፈጣሪን በብርሃን፤ ክፋትን፣ ውሸትን፣ አለማወቅንና ሞትን በጨለማ መመሰል ነው። ቀላል ይመስላል። ግን «ጨለማ የክፋት ምሳሌ ነው» ማለትና «ጨለማ ራሱ ክፉ ነው» ማለት ለየቅል ናቸው። ሁለቱ ሲደባለቁ ሰው ይጎዳል። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ምሳሌው ከየት መጣ? መጀመሪያ ከዓይናችን ነው። ሰው የቀን ፍጡር ነው፤ እንደ ጅብ በሌሊት አያይም። በደላንታ ወይም በአምባሰል አፋፍ ላይ የመሸበት መንገደኛ አንድ እርምጃ ቢስት ገደል ነው። ሌባም የሚመጣው ጨለማን ተገን አድርጎ ነው። ኩራዝና ችቦ ብቻ በነበረበት ዘመን ሌሊት ማለት ጅብ፣ ገደልና ሌባ ማለት ነበር። የሰው ልጅ በየአገሩ፣ ሳይመካከር፣ መልካሙን ነገር ከብርሃን ጋር ቢያያይዘው አይገርምም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጥንቷ ፋርስ የዞሮአስተር ተከታዮች ዓለምን የሁለት ኃይሎች የጦር ሜዳ አድርገው አዩት። አሁራ ማዝዳ የደግነት አምላክ ነው፤ አንግራ ማይንዩ የጥፋት መንፈስ ነው። እ.ኤ.አ. በ216 በባቢሎን ምድር የተወለደው ማኒ ይህን ወደ ጥግ ወሰደው። በእሱ ትምህርት ከጥንትም ሁለት መንግሥታት ነበሩ፤ የብርሃንና የጨለማ። ጨለማን የፈጠረው የለም፤ እንደ ብርሃን ሁሉ መጀመሪያ የለውም። የእኛ ነፍስ በጨለማ ሥጋ ውስጥ የታሰረች የብርሃን ቁራጭ ናት። የማኒ ትምህርት እስከ ሰሜን አፍሪካ ደርሶ ኋላ ታላቅ የክርስትና መምህር የሆነውን አውግስጢኖስን ዘጠኝ ዓመት ያህል ይዞታል። አውግስጢኖስ በኋላ ትቶት ሲወጣ ክፋት የራሱ ህላዌ ያለው ነገር ሳይሆን የበጎ ነገር መጉደል ነው ብሎ አስተማረ።

እኛ ጋ ያለው ትምህርት ከማኒ የራቀ ነው። የኢትዮጵያ ሊቃውንት በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው እግዚአብሔር በእሑድ ስምንት ፍጥረታትን ፈጠረ ይላሉ። መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ እሳት፣ ሰባቱ ሰማያት፣ መላእክት፣ ጨለማና ብርሃን ናቸው። ልብ በሉ፤ ጨለማ ከተፈጠሩት ውስጥ ተቆጥሯል። የእግዚአብሔር ተቀናቃኝ አይደለም፤ ፍጥረቱ ነው።

ታሪኩ ደግሞ ከቁጥሩ ይበልጣል። መላእክት የተፈጠሩት ብርሃን ከመምጣቱ በፊት ነው ይባላል። በጨለማ ውስጥ ሆነው «ማን ፈጠረን? ከየት መጣን?» ይባባላሉ። ፈጣሪያቸው ተሰውሮባቸዋል። ሳጥናኤል ከሁሉም በላይ ነበርና ወደ ላይ አየ፤ ማንም የለም። «እኔ ነኝ የፈጠርኋችሁ» አለ። የተቀበሉት ነበሩ፤ የተጠራጠሩም ነበሩ። ሁካታ ሆነ። በዚህ ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል «የፈጠረንን አምላክ እስክናገኝ ድረስ በያለንበት ጸንተን እንቁም» አለ። ከዚያ በኋላ ነው «ብርሃን ይሁን» የተባለው።

ይህን ታሪክ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 የሚሰማ ብዙ ነው። አብዛኛው ሰው የሚይዘው የገብርኤልን ጽናት ነው፤ ልክ ነው። እኔን ግን ሌላ ነገርም ይይዘኛል። ሳጥናኤልና ገብርኤል የቆሙት በአንድ ጨለማ ውስጥ ነበር። አንዱ በዚያው ጨለማ ዋሸ፤ ሌላው በዚያው ጨለማ ታመነ። ጨለማው ሳጥናኤልን ውሸታም አላደረገውም። ብርሃኑም ገብርኤልን ታማኝ አላደረገውም፤ ታማኝነቱ ቀድሞ ነበረ። ብርሃኑ ያደረገው ማን ምን እንደሆነ ማሳየት ነው። እንግዲህ በዚህ ትምህርት ብርሃን መግለጫ ነው፤ ጨለማ ደግሞ መፈተኛ።

የእስልምናው ትምህርትም ከዚህ አይርቅም። ሱረቱል አንዓም ሲጀምር አላህን ሰማያትንና ምድርን ስለ ፈጠረ፣ ጨለማዎችንና ብርሃንንም ስላደረገ ያመሰግነዋል። በሱረቱ ኑር አላህ የሰማያትና የምድር ብርሃን ነው ይባላል። ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር ብርሃንን እንደ ሠራ፣ ጨለማንም እንደ ፈጠረ ጽፏል። በወሎ አንድ ዘመድ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፤ አጎት ከመስጊድ፣ የአክስት ልጅ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው አንድ ቡና ላይ ይቀመጣሉ። በብዙ ነገር ይለያዩ ይሆናል። ጨለማ ሌላ አምላክ አለመሆኑ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

ይህን በእግር ሄዶ መረዳት የሚፈልግ ላሊበላ ይሂድ። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስድ በዓለቱ ውስጥ የተፈለፈለ ዋሻ መንገድ አለ። አስጎብኚዎች የሲኦል ምሳሌ ነው ይላሉ። «የስልካችሁን መብራት አጥፉ» ይሏችኋል። ታጠፉታላችሁ፤ ያኔ ዓይን መክፈትና መጨፈን እኩል ይሆናል። እጅን ግድግዳው ላይ አድርጎ መሄድ ነው። ዓለቱ በብዙ እጅ ተዳስሶ ለስልሷል። ከፊት ያለው «ጎንበስ!» ይላል፤ ከኋላ ያለው ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። እኔ ስገባ የማላውቃቸው አንዲት እናት ጋቢዬን ጨብጠው ነበር። «ልጄ፣ ቀስ በል፤ እኔም አለሁ» ይሉኛል። የሲኦል ምሳሌ በተባለው ጨለማ ውስጥ ሰው ሁሉ ለማያውቀው ሰው ይጠነቀቅ ነበር።

እዚያው ላሊበላ በቤተ ማርያም ውስጥ ዐምደ ብርሃን የሚባል ምሰሶ አለ። ስሙ የብርሃን ምሰሶ ነው፤ የሚታየው ግን በጨርቅ ተሸፍኖ ነው። ያለፈውና የሚመጣው ተጽፎበታል ይባላል። ለሰው ዓይን ስለማይሆን ተከደነ። ብርሃን ሁሉ ለሰው የሚገለጥ አይደለም ማለት ነው። ደግሞም የሚያበራ ሁሉ ደግ አይደለም፤ ጳውሎስ ሰይጣን የብርሃን መልአክ ለመምሰል ራሱን ይለውጣል ብሎ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው።

ሌሊትም ቢሆን የክፉ ብቻ ርስት አይደለም። ማኅሌት የሚቆመው በሌሊት ነው። የወሎ መንዙማ የሚደምቀው ሲመሽ ነው፤ ዱዓው፣ ድቤው፣ ጭብጨባው እስኪነጋ ይቀጥላል። ለይለቱል ቀድር ከሺህ ወር የምትበልጥ ሌሊት ናት። ገና የሌሊት በዓል ነው፤ ከእሱ በፊት ካሉት ሳምንታት አንዱ ዘመነ ብርሃን ይባላል። ቡሄ ላይ ችቦ የሚበራውም ሲመሽ ነው። ሽማግሌዎች «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይላሉ። ጨለማውን እንደ ተራ ነው የሚያዩት፤ ይመጣል፣ ይሄዳል።

የወሎ ገበሬ ደግሞ ለዚህ ምሳሌ የራሱ መልስ አለው። በየካቲትና በመጋቢት የበልግ ዝናብ የሚጠብቅ ሰው ሰማይ ሲጠራ ደስ አይለውም። ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ትወጣለች፤ አንዲት ደመና የለችም። በሬው ቆሟል፤ ዘሩ ጎተራ ነው። እንዲህ ያለው ብርሃን አንጀት ይበላል። አንድ ቀን ከተራራው ጀርባ ሰማዩ ሲጠቁር ግን ሰው ከቤቱ ይወጣል። «ጠቁሮ መጣ! ተመስገን! አልሐምዱሊላህ!» ይባላል። በ1965 እና በ1966፣ ኋላም በ1977 ወሎን የፈጀው ረሃብ ከዝናብ መቅረት ጋር የመጣ ነው። ለዚያ ሁሉ ሞት የሰው ጥፋትም አለበት፤ መንግሥት በጊዜው አልደረሰም፣ እንዲያውም ደብቋል። ያ ሁሉ ግፍ የተፈጸመው በጠራራ ፀሐይ ነው። ኮረም ሜዳ ላይ ሰው የሚረግፈው ጎህ ሲቀድም፣ ቀትር ላይም ነበር። ያን ጊዜ ያየ ሽማግሌ ስለ ብርሃንና ጨለማ ሲያወራ ለጥቁር ደመና ቦታ አለው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ምሳሌው ከብርሃን ወጥቶ ወደ ቆዳ ሲወርድ ነው የሚበላሸው። «ጨለማ ክፉ ነው» ከተባለ ቀጥሎ «ጥቁር ክፉ ነው» ይባላል፤ ከዚያ ሰው በመልኩ ይናቃል። የአውሮፓ ባሪያ ፈንጋዮች ይህን በደንብ ተጠቅመውበታል። እኛም ንጹሕ አይደለንም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሰይጣን ጠቁሮ ይሳላል። ልጅን በመልኩ መጠቋቆር፣ ሰውን በጥቁረቱ ባሪያ ብሎ መስደብ በአገራችን ያለ ነውር ነው። ይህን ከሃይማኖት ጋር ማያያዝ ደግሞ ድርብ ኃጢአት ነው።

ግን የድሮ ሠዓሊዎቻችን ሌላም ዘዴ ነበራቸው። ጻድቁን ፊቱን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይኖቹ ይስሉታል። ክፉውን በጎን ይስሉታል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ይህ በጣም ደስ ይለኛል። እዚህ ላይ መለያው የቆዳው ቀለም አይደለም፤ ፊት ለፊት ማየቱና መታየቱ ነው። ዮሐንስ በወንጌሉ ክፉ የሚያደርግ ሁሉ ሥራው እንዳይገለጥ ወደ ብርሃን አይመጣም ያለውን ሠዓሊው በአንድ ዓይን ጨረሰው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ተረትም የሚናገረው ስለዚሁ መገለጥ ነው።

ሙሴ ጸሊምንም ማስታወስ ይገባል። ጸሊም ማለት ጥቁር ነው። በግብፅ በረሃ የወንበዴ አለቃ ነበር፤ ኋላ መነኮሰ፣ ቅስና ተቀበለ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ታስበዋለች። ነጭ ልብስ ባለበሱት ቀን ሊቀ ጳጳሱ «እነሆ፣ አባ ሙሴ፣ አሁን ሁለመናህ ነጭ ሆነ» አለው። ሙሴም ነጭ የሆነው ውጩ ብቻ እንደሆነ መለሰና ስለ ውስጡ ጠየቀ። ሊቀ ጳጳሱ የተናገረው ስለ ልብስና ስለ ቆዳ ነው። ሙሴ የመለሰው ስለ ልቡ ነው፤ ምሳሌውን የተረዳው እሱ ይመስለኛል።