ናይትና ጠባዩ በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ

ናይት ማለት በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በፈረስ የሚዋጋ፣ ለጌታው በመሐላ የታሰረ ባለማዕረግ ወታደር ነው። ጉልበት ብቻውን ግን አይበቃውም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደካማን ጠብቅ ትለዋለች፣ ጌታው ታማኝ ሁን ይለዋል፣ ከፈረንሳይ የመጣው የፍቅር ግጥም ደግሞ ሴትን በትሕትና አነጋግር ይለዋል። ሦስቱ ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ጎበዞቹ የእንግሊዝ ደራሲዎች የናይቱን ጠባይ የፈተኑትም እዚያው ግጭቱ ላይ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተጻፈው የሰር ጋዌንና የአረንጓዴው ናይት ግጥም ነው። ደራሲው አይታወቅም፣ የተረፈውም አንድ ብራና ብቻ ነው። መላ አካሉ አረንጓዴ የሆነ ሰው በአዲስ ዓመት በአፈ ታሪኩ የብሪታንያ ንጉሥ በአርተር ግብዣ ላይ ይገባና "አንገቴን በመጥረቢያ ምቱኝ፣ ከዓመት ከአንድ ቀን በኋላ እኔም እመልሳለሁ" ይላል። የአርተር ናይት የሆነው ጋዌን ይቆርጠዋል። ሰውየው ጭንቅላቱን አንስቶ ይሄዳል!

ጋዌን ቃሉን ሊያከብር ሲጓዝ አንድ ግንብ ውስጥ በእንግድነት ያርፋል። ባለቤቱ በቀን ያገኘነውን ማታ እንለዋወጥ ይለዋል። ሰውየው አጋዘን፣ ከዚያ የዱር አሳማ፣ በመጨረሻም ቀበሮ ሲያድን ሚስቱ በየማለዳው ጋዌን መኝታ ክፍል ገብታ ታባብለዋለች፣ እሱም እሺ ቢል ያስተናገደውን ሰው ይከዳል፣ እምቢ ብሎ ቢያመናጭቃት ደግሞ ጨዋነቱን ያጣል። በብልሃት ያመልጣል፤ የተቀበለውን መሳምም ማታ ማታ ለባልየው ይመልሳል። ሚስትየዋ የሰጠችውን፣ ሕይወት ያድናል የተባለለትን አረንጓዴ መቀነት ግን ደበቀው። አረንጓዴው ናይት (ያው ባለግንቡ ነው) ሁለት ጊዜ ሰንዝሮ ይተወዋል፣ በሦስተኛው አንገቱን ጫር ያደርገዋል፤ መቀነቱን የደበቅከው ሕይወትህን ስለወደድክ ነው ብሎም ያቀልለታል። ጋዌን ግን ራሱን ይቅር አይልም። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ወደ ሞት ፊት ለፊት የሄደ ሰው በአንዲት መቀነት ያፍራል።

ከግጥሙ በታች የጋርተር ኒሻን (የእንግሊዝ ናይቶች ከፍተኛ ማዕረግ) መፈክር ተጽፏል። ኒሻኑን ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ በ1348 እ.ኤ.አ. ገደማ አቋቋሙት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 እ.ኤ.አ. ተሸልመውታል።

ግጥሙ በተጻፈበት ዘመን ገጣሚው ጄፍሪ ቾሰር፣ ተሳላሚዎች በመንገድ ላይ በሚያወሯቸው የካንተርበሪ ተረቶቹ 15 ጦርነት የዋለ፣ ማንንም በክፉ ቃል የማይናገር ናይት ሳለ። ልብሱ ላይ የጥሩሩ ዝገት ይታያል። ሌላው ተረቱ ውስጥ ያለው ናይት ግን ልጃገረድ የደፈረ ነው፤ አንዲት አሮጊት ጨዋነት ከዘር ሳይሆን ከምግባር እንደሚመጣ ትነግረዋለች።

ቶማስ ማሎሪ የአርተርን ታሪክ በስድ ንባብ ጽፎ የጨረሰው እስር ቤት ሆኖ፣ በ1469 ወይም በ1470 ነው፤ ዊሊያም ካክስተን በ1485 አተመው። እዚያ ናይቶቹ በየዓመቱ ምሕረት ለለመነ ምሕረት ሊሰጡ፣ ያለ ፍትሕ ላይዋጉ ይምላሉ። መሐላው ግን ከአርተር ናይቶች ዋነኛውን ላንስሎትን አላዳነውም። በእሳት እንድትቃጠል የተፈረደባትን የአርተርን ሚስት ንግሥት ጊኒቪርን ሊያስጥል ሲሮጥ፣ በግርግሩ ሳያውቅ መሣሪያ ያልያዘውን ጋሬትን ይገድላል። ጋሬትን ናይት ያደረገው ራሱ ላንስሎት ነበር። የጋሬት ወንድም ጋዌን በቀል ብሎ አርተርን ከላንስሎት ጋር ወደ ጦርነት ይጎትተዋል። ጋዌን ሊሞት ሲል ብቻ ጥፋቱን አምኖ፣ ንጉሡን እንዲረዳለት ለላንስሎት ደብዳቤ ይጽፋል። ላንስሎት ጦሩን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ሲደርስ ግን አርተር የለም።