የባሕር ዳር አየር ማረፊያ ዓመት፦ መንገደኛ መቼ ይበዛል፣ መቼ ይሳሳል?

የባሕር ዳር አየር ማረፊያ ከከተማዋ በስተምዕራብ ይገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,820 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከጣና ውኃ ብዙም ከፍ አይልም። ማኮብኮቢያው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ዓለም አቀፍ መለያው ቢጄአር ነው፤ ሻንጣችሁ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት የምታዩት ሦስት ፊደል ይኸው ነው። ቀድሞ ግንቦት 20 ይባል ነበር። አሁን የጎጃሙን አርበኛ የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ስም ይዟል። የከተማው ሰው ግን «ኤርፖርት» ብሎት ያልፋል።

ማኮብኮቢያው እንዲህ የረዘመው በምክንያት ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት አየር ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም አድርጎ መንደርደር አለበት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ አየሩ ይብሱን ይሳሳል።

ስሙ ዓለም አቀፍ ቢሆንም የዕለት ሥራው የአገር ውስጥ በረራ ነው። አብዛኛው ሰው ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ጎሃ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ስለሆነ ነው ትንሽ ገንዘብ ያገኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ አውሮፕላን የሚያስበው።

በዚህ መስመር በብዛት የምናየው ሁለት ትልልቅ ፕሮፔለሮች (የሞተር መዘውሮች) ያሉት ዳሽ 8 ነው። ሰው በተለምዶ «ኪው 400» ይለዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ማስገባት ሲጀምር የፎከር 50ን ቦታ ያዘ። 70 እና ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ይጭናል። ቁጥሩን ያዙት፤ ቀጥሎ ያስፈልገናል።

መንገደኛ እንዴት ይቆጠራል?

ስለ አየር ማረፊያ ዓመታዊ ቁጥር ሲወራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አየር ማረፊያ የሚቆጥረው የገባውንም የወጣውንም ነው። ለለቅሶ መጥታችሁ በሦስተኛው ቀን ከተመለሳችሁ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ሆናችኋል። የአውሮፕላን እንቅስቃሴም እንዲሁ ነው፤ ማረፍ አንድ፣ መነሣት አንድ። አዲስ አበባ ተሳፍሮ፣ አውሮፕላኑ ባሕር ዳር ሲቆም ሳይወርድ ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥል ሰው ደግሞ «አላፊ» ተብሎ ለብቻው ይያዛል።

አንድ ስሌት እንሥራ። ይህ ለማሳያ ብቻ ነው። በቀን አምስት በረራ ይምጣ፣ እያንዳንዱ 70 ወንበር ይኑረው፣ ከመቶ ሰማንያው ይሙላ። በቀን 280 ሰው ገባ። ያንኑ ያህል ወጣ እንበል፤ 560 ሆነ። በ365 ቀን ስታባዙት 204,400 ይመጣል። አሁን ከአምስቱ በረራ አንዱን ብቻ ለዓመት ቀንሱ። ወደ 41,000 የሚጠጋ መንገደኛ ጠፋ። ትንሽ አየር ማረፊያ እንዲህ ስስ ነው። አንዲት የጠዋት በረራ ስትጨመርም ስትቀነስም የዓመቱ መስመር ወዲያው ይንቀሳቀሳል።

ቦሌ ሌላ ዓለም ነው። ከሌጎስ መጥቶ ወደ ጓንዡ የሚያልፍ ነጋዴ አዲስ አበባን በመስኮት ብቻ አይቶ ሊሄድ ይችላል። በተለመደው የአየር ማረፊያዎች አቆጣጠር ግን ሲመጣ አንዴ፣ ሲሄድ አንዴ ይቆጠራል። የቦሌ ቁጥር በከፊል የሚያድገው በሌሎች አገሮች ገበያ ነው ማለት ነው። የባሕር ዳር ቁጥር ግን ከሞላ ጎደል የራሷና የአካባቢዋ ነው፤ እዚህ የወረደ ሰው እዚህ ጉዳይ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 በጀት ዓመት 17.1 ሚሊዮን፣ በ2017 ደግሞ 19.1 ሚሊዮን መንገደኛ ማጓጓዙን አስታውቋል። ያ የድርጅቱ ጠቅላላ ቁጥር ነው። የአንድ ከተማ ሁኔታ ከዚያ ውስጥ አይነበብም። አጠቃላዩ ሽቅብ ሲወጣ የአንዱ ከተማ ቁጥር ቁልቁል ሊሄድ ይችላል፤ በእኛ በኩልም ይህን አይተናል።

ከሐምሌ እስከ ሰኔ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። ይህ ለባሕር ዳር ጥሩ አጋጣሚ ነው እላለሁ። ዋናው የእንግዳ ወቅት መሐል ላይ ይወድቃል፣ ለሁለት አይቆረጥም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዓመቱ የሚያልቀው ልክ ለገና ሰው በሚጎርፍበት ጊዜ ነው። በእነሱ ስንቆጥር አንድ የጉብኝት ወቅት በሁለት ዓመት ተከፍሎ ይቀመጣል።

ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው። ደመናው ዝቅ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይበዛል፣ በረራ ይዘገያል። ፈረንጅ ቱሪስት እምብዛም የለም። ቢሆንም ኤርፖርቱ ባዶ አይሆንም። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚዘጋላቸው በዚህ ወቅት ነው። አያት ልታይ የመጣች ትንሽ ልጅ፣ አበባ የያዙ አክስቶች፣ ከአራት ሻንጣ ጋር የሚታገል ባጃጅ፤ ይህ የሐምሌ መልክ ነው።

መስከረም ሲጠባ ዓመቱ ይነቃል። ዓባይ ሞልቶ ጢስ ዓባይ ስሙን የሚመስለው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። የፏፏቴው ውኃ ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ሄዶ ያየ ሰው ቅር ይለዋል። ይህን የሚያውቁ አስጎብኚዎች እንግዶቻቸውን በጥቅምት ማምጣት ይመርጣሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፣ ጣና ላይ ጀልባ ይበዛል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ክብራን ገብርኤል፣ ራቅ ብሎም ዳጋ እስጢፋኖስ እንግዳ ይቀበላሉ። ከአውሮፓ ሸሽተው ጣና ዳር የሚከርሙ ወፎችን ለማየት ብቻ የሚመጡም አሉ።

ጫፉ ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር ነው። ገና ላሊበላን ይሞላል። ጥምቀት፣ ጥር 11፣ ጎንደርን ይሞላል። ይህ ሁሉ ለባሕር ዳር ምን ያገባዋል? በደንብ ያገባዋል። የጎንደር ቀጥታ በረራ ፉል ሲሆን ሰው ባሕር ዳር ይወርድና ቀሪውን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይጨርሳል። ስለዚህ የእኛ የጥር ቁጥር ውስጥ የጎንደር ጥምቀት አለበት። የባሕር ዳርን ጥር ከጎንደር ጥር ለይቶ ማንበብ ልክ አይመስለኝም። ጥር የሠርግ ወርም ነው። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሚዜው፣ አጃቢው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ይጓዛል።

ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። ሠርግ የለም፣ ድግስ የለም። የሚጓዘው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ታማሚና የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። ይህ ክፍል ብዙም አይወራለትም እንጂ የአየር ማረፊያው መሠረት እሱ ነው። ባሕር ዳር የክልል መቀመጫ ስለሆነች ስብሰባ አይጠፋባትም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና ፎረም የአፍሪካ መሪዎችንና የደኅንነት ባለሙያዎችን እዚህ ሰብስቧል። በእነዚያ ቀናት ማቆሚያው ላይ የምናየው አውሮፕላን ሌላ ዓይነት ነው። በመንገደኛ ቁጥር ግን ሁለት የሠርግ ቅዳሜ ያህል ላያክል ይችላል።

ወፎቹና መስከረም 5

ስለ ጣና ወፎች ስናወራ አንድ ቀን መዘለል የለበትም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አስመራ የሚሄድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከዚሁ ማኮብኮቢያ ተነሣ። ገና ከመሬት ከፍ እንዳለ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ወፎቹ በሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሞከሩ፤ ሞተሮቹ ግን ኃይል አጡ። አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፣ እሳትም ተነሣ። ተሳፍረው ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። አዲስ ዓመት በገባ በአምስተኛው ቀን ነበር።

እዚህ የማነሣው ቁጥር ለመደርደር አይደለም። የበረራ ብዛት ሲጨምር ከወፍ ጋር የመገናኘት ዕድሉም አብሮ ስለሚጨምር ነው። ሐይቅ፣ ረግረግና የእህል ማሳ አጠገብ ያለ አየር ማረፊያ ሣሩን በልክ መያዝ፣ ቆሻሻ በአካባቢው እንዳይከማች ማድረግ፣ ከበረራ በፊት ማኮብኮቢያውን ዞሮ ማየት የዕለት ሥራው ነው። የተሻለ የመንገደኛ ቁጥር የምንመኝ ሰዎች ይህንንም አብረን መመኘት አለብን።

መስመሩ የተሰበረባቸው ዓመታት

ኮሮና ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በፈረንጆቹ 2020 የዓለም አየር መንገደኛ ከ4.5 ቢሊዮን ወደ 1.8 ቢሊዮን ወረደ፤ ከመቶ ስልሳ ጠፋ። በእኛ በጀት ዓመት ስታዩት ግን ውድቀቱ ለሁለት ይከፈላል። የ2012 የመጀመሪያ ስምንት ወራት ጤነኞች ነበሩ፤ ጥምቀትም አልፎ ነበር። የተመታው መጨረሻው ነው። ሌላው ጉዳት 2013 ላይ ተጻፈ። ስለዚህ የፈረንጅ ሠንጠረዥ አንድ ጥልቅ ገደል ሲያሳይ፣ የኛው ሁለት ቁልቁለት ያሳያል። ነገሩ ግን አንድ ነው።

ሰው ከኮሮና ሳያገግም ጦርነቱ መጣ። ኅዳር 2013 መጀመሪያ ላይ ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር አየር ማረፊያዎች ሮኬት ተተኮሰ። ከዚያ በኋላ «ሰሜን» የሚለው ቃል ራሱ የውጭ ቱሪስትን ያስፈራ ጀመር። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ የጉዞ ጥቅል የሚሸጡ ከተሞች ናቸው። አንዱ ሲዘጋ ጥቅሉ ይፈታል። የአክሱም አየር ማረፊያ ዳግም ሥራ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ሰኔ አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ የቀድሞው ዙር ሙሉ አልነበረም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባባሰ። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚያ ቀናት የባሕር ዳር በረራም ለጊዜው ቆሞ ነበር። እዚህም ቀኑን ልብ በሉ። በዘመን አቆጣጠር 2015 ነው፤ በበጀት ግን የ2016 የመጀመሪያ ወር ነው። የ2016 ዓመት በመቆም ጀመረ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቁጥር ሳነብ በጣም እጠነቀቃለሁ። የአውሮፕላን መሙላት ሁልጊዜ የብልጽግና ምልክት አይደለም። መንገድ ሲያስፈራ በአውቶቡስ ይሄድ የነበረ ሰው ተበድሮም ቢሆን ትኬት ይቆርጣል። ታማሚ፣ ተማሪ፣ ነጋዴ ወደ ኤርፖርት ይዞራል። ወንበሩ ይሞላል፣ ሆቴሉ ግን ባዶ ነው። ጀልባው ወደብ ላይ ታስሮ ይውላል። ሁለቱን ለመለየት የመንገደኛውን ቁጥር ከሆቴል አልጋና ከገዳማት ጎብኚ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

ዋጋውም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። ነዳጅም መለዋወጫም በዶላር ነው የሚገዛው። ይህ ትኬት ለሚቆርጠው ደመወዝተኛ ከባድ ነው። በተቃራኒው ዶላር ይዞ ለሚመጣው እንግዳ አልጋውም፣ ዓሣውም፣ ጀልባውም ረከሰ።

ወርን ከወር ስናነጻጽር

የእኛ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የሚመች ነገር አለው። አሥራ ሁለቱም ወራት 30 ቀን ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ የፌብሩዋሪን ማነስ፣ የሌላውን መርዘም ማስተካከል የለም። ጳጉሜን ብቻ ለብቻ መያዝ ወይም ከነሐሴ ጋር መደመር ነው።

የሚያስቸግረው ፋሲካ ነው። በ2015 ሚያዝያ 8 ዋለ፣ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12። በ2016 ሰው ለበዓል የመጣው በሚያዝያ ነው፣ የተመለሰው ግን በግንቦት። በ2017 መምጣቱም መመለሱም ሚያዝያ ውስጥ አለቀ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የሚደገሰው ሠርግም ከፋሲካው ጋር አብሮ ይንሸራተታል። ሁለቱን ሚያዝያዎች ብቻ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» የሚል ሰው የቆጠረው የባሕረ ሐሳብን ልዩነት ሊሆን ይችላል። ሚያዝያንና ግንቦትን ደምሮ ማየት ይሻላል። በ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሚውል ደግሞ የዋዜማው መንገደኛ ከፊሉ መጋቢት መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ያኔ መጋቢትም አብራ መደመር አለባት።